ማይነር ቆፋሪ ነው ወይስ መቆፈሪያ? አንትማይነር ኤስ19ጄ ፕሮ ሲመዘን

«ማይነር አለ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም የዕቃ መሸጫ ቻናሎች ላይ ሲወጣ፣ የሚሸጠው ዶማ የያዘ ሰው አይደለም። ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ፣ አራት ፋን የተገጠመለት፣ ሁለት የጫማ ካርቶን ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚያክል፣ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት የሚሠራ የብረት ሳጥን ነው። እዚህ የምንመዝነው ከእነዚህ ሳጥኖች አንዱን፣ የቻይናው ኩባንያ የቢትሜይን ሥራ የሆነውን ባለ 100 ቴራሃሽ (በሰከንድ 100 ትሪሊዮን ጊዜ የሚሞክር) አንትማይነር ኤስ19ጄ ፕሮ ነው። አዲሱን መግዛት ብዙም ትርጉም የለውም፤ በሁለተኛ እጅ ገበያ ግን እንደ ልብ ይገኛል። ከማሽኑ በፊት ግን ስሙ መፈተሽ አለበት፤ ገዢን ከማንም ሻጭ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው።

ማይነር እንግሊዝኛ ከጥንት ፈረንሳይኛ የወሰደው ቃል ነው። ድሮ ማዕድን የሚያወጣውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከተማ ሲከበብ በግንቡ ሥር ጉድጓድ እየማሰ ግንቡን የሚንደውን ወታደርም ይጠሩበት ነበር። የማዕድን ጉድጓድና የተቀበረ ፈንጂ በእንግሊዝኛ አንድ ስም የተጋሩትም በዚሁ ሰውዬ በኩል ነው። የእኛ «ማዕድን» ዘመዱ ሌላ ነው፤ ከዐረብኛው መዕዲን ጋር ይገጥማል። የዐረብኛው ሥር «ተቀመጠ፣ ኖረ» የሚል ፍች ስላለው መዕዲን ማለት ነገሩ የሚኖርበት ስፍራ ማለት ይሆናል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ አንባቢዎች ቢትኮይን ማውጣት «ተዕዲን» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ለገዢ የሚጠቅመው ነጥብ ግን የሰዋስው ነው። አማርኛ ሠሪውንና መሥሪያውን አያምታታም። ሰውዬው ቆፋሪ ነው፣ ዶማው መቆፈሪያ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ነው፣ ሌላው መጻፊያ። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቅጥያ ይጨርሳቸዋል፦ ቲቸር ሰው ነው፣ ፕሪንተር ዕቃ ነው፣ አጨራረሳቸው አንድ ነው። ስለዚህ ማይነር ከሰውዬው ወደ ሳጥኑ ሲሻገር ማንም ልብ አላለውም። ማሽኑን የሚሠሩት ቻይናዎች እንኳ ለይተው ነው የሚጠሩት፤ የማዕድን ሠራተኛውን ኩዋንግጎንግ፣ ማሽኑን ኩዋንግጂ ይሉታል፣ «የማዕድን ማሽን» እንደማለት ነው። እኛ የእንግሊዝኛውን እንዳለ ተቀበልንና መቆፈሪያ የነበረው ዕቃ ቆፋሪ ሆኖ ቀረ። ቆፋሪ የቀጠረ ሰው ደግሞ ምርት ይጠብቃል። መቆፈሪያ የገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሬቱ የት ነው?» ብሎ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ መሬቱ ርካሽ መብራት ነው።

ምሳሌው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በጥቅምት መጨረሻ 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የቢትኮይን ሰነድ፣ አዲስ ሳንቲም ወደ ዝውውር የሚገባበትን መንገድ የወርቅ ቆፋሪዎች ሀብታቸውን አፍስሰው ወርቅ ወደ ገበያ ከሚያስገቡበት ጋር ያመሳስለዋል። ንጽጽሩ የአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በሰነዱ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስማቸው «ኖድ» ነው። ማይነር የሚለው ከዚያ ንጽጽር ተስቦ በኋላ የተለመደ ነው። አምራቹም አንት ብሎ ጉንዳን ጨመረበት። ጉንዳን ቆፋሪ! ለገበያ ስም ጥሩ ነው።

ማሽኑ የሚሠራውን ስንመለከት ግን የሚቆፈር ነገር የለም። ብሎክ ማለት በቢትኮይን መዝገብ ላይ በአንድነት የሚጨመር የዝውውሮች ጥቅል ነው፤ የአንድ ብሎክ ራስጌ 80 ባይት ነው። ማሽኑ ያንን ወስዶ ሻ-256 በተባለው ስሌት ሁለት ጊዜ ያሳልፈዋል፤ የወጣው ቁጥር ከተቀመጠለት ወለል በታች ካልሆነ አንዲት አኃዝ ለውጦ እንደገና ይሞክራል። በራስጌው ውስጥ ለዚህ የተተወችው ቦታ፣ ኖንስ የምትባለው፣ ወደ 4.3 ቢሊዮን አማራጭ ትይዛለች። ባለ 100 ቴራሃሹ ማሽን በሰከንድ 100 ትሪሊዮን ጊዜ ስለሚሞክር ይህን ሁሉ አማራጭ በአንድ ሰከንድ ከ23 ሺህ ጊዜ በላይ ይጨርሰዋል። ትናንት የከሸፈው ሙከራ ለዛሬው አይጠቅምም፤ «ጉድጓዱ ጠልቋል፣ ደርሰናል» የሚባል ነገር የለም። ዕጣ ነው፤ ማሽኑ የዕጣ ትኬት ያትማል፣ ቀለሙ መብራት ነው።

ሌላም ከወርቅ የሚለየው ነገር አለ። ሻኪሶ ላይ ወርቅ አጣቢዎች ቢበዙ ከአሸዋው የሚወጣው ጠቅላላ ወርቅ ይጨምራል። እዚህ አይጨምርም። በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ መረቡ የዕጣውን ወለል ራሱ ያስተካክለዋል፤ በዓለም ዙሪያ ማሽን ሲበዛ ያንተ ድርሻ ይቀንሳል፣ ጠቅላላው ግን ያው በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ነው። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ብሎክ ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ነው፤ በየ210,000 ብሎኩ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በቀን 144 ብሎክ ሲባል ለዓለም ሁሉ 450 ቢትኮይን ነው፤ ከዝውውር ክፍያ የሚገኘው ጥቂት ጭማሪ ሳይቆጠር።

አሁን ሒሳቡን በዚህ ማሽን ላይ እንሥራው። የመረቡ አቅም አንድ ዜታሃሽ ነው እንበል፤ አንድ ቢሊዮን ቴራሃሽ ማለት ነው። 100 ቴራሃሽ የዚያ አሥር ሚሊዮንኛ ነው። 450ን በአሥር ሚሊዮን ስናካፍል በቀን 0.000045 ቢትኮይን ወይም 4,500 ሳቶሺ (አንዱ የቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ነው) ይመጣል። ብዙ ማሽኖች አቅማቸውን አዋጥተው ሽልማቱን የሚካፈሉበት ማኅበር፣ ፑል የሚባለው፣ 2 በመቶ ቢቆርጥ 4,410 ይቀራል። አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ቢሆን ይህ በቀን 4.41 ዶላር ነው። የሚበላው ደግሞ 3,050 ዋት ስለሆነ በቀን 73.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 4.41ን በ73.2 ስታካፍሉ 6 የአሜሪካ ሳንቲም ታገኛላችሁ። መብራቱን በኪሎዋት ሰዓት ከ6 ሳንቲም በላይ የሚከፍል ሰው ማሽኑን በነጻ ቢሰጡት እንኳ ይከስራል። የቢትኮይን ዋጋ 70,000 ዶላር ቢሆን ይኸው ወሰን ወደ 4.2 ሳንቲም ይወርዳል። ከመግዛታችሁ በፊት የዕለቱን የመረብ አቅምና የዕለቱን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ ተክታችሁ ድገሙት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ብቻውን፣ ያለ ፑል፣ ብሎክ አገኛለሁ ብሎ ለሚያስብ ደግሞ፦ በዚሁ ስሌት አንድ ማሽን አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 190 ዓመት ይፈጅበታል።

እንግዲህ የዚህን ማሽን ዋጋ የሚወስነው ስንት ቴራሃሽ እንዳለው ሳይሆን ለአንድ ቴራሃሽ ስንት ጁል እንደሚበላ ነው። ኤስ19ጄ ፕሮ ወደ 30 ጁል ይበላል። ተከታዩ ትውልድ፣ ኤስ21፣ 200 ቴራሃሽ በ3,500 ዋት ስለሚሰጥ 17.5 ጁል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በላይኛው ስሌት እስከ 10.5 ሳንቲም መብራት ይችላል። ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ የገነነው ኤስ9፣ 13.5 ቴራሃሽ በ1,300 ዋት ገደማ፣ ወሰኑ ከ2 ሳንቲም በታች ነው። አንዳንድ ሻጭ ኤስ9ን «ለጀማሪ የሚሆን» ይለዋል። ለጀማሪ ማሞቂያ ከሆነ ይሁን። ኤስ17ና ቲ17 የተባሉትንም በርካሽ ብታገኟቸው እለፉ፤ ቺፖቹ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ የሙቀት ማስተላለፊያዎች እየተላቀቁ በመውደቅ የታወቁ ናቸው፤ አንዷ ወድቃ ቦርድ ላይ ካረፈች አጭር ዙር ትፈጥራለች። በዚህ በኩል ኤስ19ጄ ፕሮ ይሻላል።

ወደ ተከላው እንሂድ። 3,050 ዋት የሚለው ቁጥር ለአበሻ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣድ ለአንድ ሁለት ሰዓት ተጋግሮበት ይጠፋል፣ ይህ ግን ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ምጣዱን ለዓመታት የቻለ መስመር ይህን በሳምንት ውስጥ ሊያቀልጠው የሚችለው ለዚህ ነው፤ ሽቦው የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም። በ220 ቮልት የሚስበው ወደ 14 አምፔር ነው። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ወደ 200 ሲወርድ ማሽኑ ያንኑ ዋት ለማግኘት ከ15 አምፔር በላይ ይስባል፤ መብራቱ ሲደክም ሽቦው የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና እውነተኛ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያስፈልገዋል። የብዙ ቤቶች ሶኬት የመሬት ቀዳዳ አለው እንጂ ከኋላው ሽቦ የለም፤ ከፍቶ ማየት ይገባል።

ዲቫይደር ፈጽሞ አይሆንም። ፓወር ሰፕላዩ፣ ኤፒደብልዩ12 የሚባለው፣ ሁለት የመብራት ገመድ መግቢያ አለው፤ ሁለቱም መሰካት አለባቸው። የኮምፒውተር ገመድ ዓይነት ነው የሚጠቀመው፤ የአንዱ ገመድ ልክ 10 አምፔር ነው። ሁለቱ ሲካፈሉት ለየራሳቸው 7 ይደርሳቸዋል፣ ደህና ነው። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የተነቀለ ቀጭን ገመድ ግን ላዩ ላይ 10 ቢልም ውስጡ ያን ያህል መዳብ ላይኖረው ይችላል። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ጫፉን በእጅ ዳስሱ፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ ካቃጠለ ይቀየር።

ስታቢላይዘር የሚያስገባ ሰው ከ5 ኪሎ ቮልት አምፔር በታች አይግዛ። ከሱ በላይ የሚጠቅመው ግን የማዘግያ መከላከያው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቮልቴጅ ይዘላል፤ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው በብዛት ያኔ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ሦስትና አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀው ዕቃ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አቅሙ ግን ብዙውን ጊዜ 13 አምፔር ስለሆነ ለዚህ አይበቃም። በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠመውን፣ ከ25 አምፔር በላይ የሚችለውን ጠይቁ።

ድምፁ 75 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ምንም አይመስልም። ቫኪዩም ክሊነር መኝታ ቤት በር ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ አስቡት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማይታሰብ ነው፤ ጎረቤት ከመብራቱ ሒሳብ ቀድሞ ይመጣል።

ስለ ከፍታ ሻጮች ሲያወሩ አይሰማም፣ ለእኛ አገር ግን ዋናው ነገር ነው። በአምራቹ መግለጫ መሠረት ማሽኑ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ይሠራል፤ ከባሕር ወለል ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ ከዚያ ላይ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ መግለጫው የሚያበቃውም 2,000 ሜትር ላይ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወሰኑ ወደ 37 ዲግሪ ይወርዳል። ድሬዳዋ በከፍታዋ 39 ድረስ ይፈቀድላታል፣ ችግሩ እዚያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ራሱ ወደዚያ መቅረቡ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም በላይ ስለሆኑ ከመግለጫው ውጭ ናቸው። ይህ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም ብዙ አየር ይፈልጋል ማለት ነው። 3,050 ዋት ሙቀት ለማውጣት፣ የሚገባውና የሚወጣው አየር በ15 ዲግሪ እንዲለያዩ ቢፈለግ፣ በባሕር ወለል በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ 800 ያስፈልጋል። ፋኖቹ ይህን ሊያመጡ የሚችሉት በፍጥነት በመሽከርከር ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይጮኻሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ደጋ ስለሆነ ብርዱ ያግዛል የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ብርዱ ያግዛል፣ ስስ አየሩ ደግሞ መልሶ ይወስዳል።

አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሚወጣው ሙቅ አየር ክፍሉ ውስጥ ተሽከርክሮ በፊት በኩል እንደገና ከገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማሽኑ «ሙቀት በዛ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ከኋላው በግድግዳ ቀዳዳ ወይም በቆርቆሮ ቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት ግድ ነው። ቱቦው ከፋኑ አፍ ከጠበበ አየሩ ይታፈናል፣ ጥቅሙ ይጠፋል።

አሁን ሁለተኛ እጅ ስለመግዛት። የስልክ ፎቶና ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ማሽኑ መብራትና ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ተሰክቶ መታየት አለበት። ዋይፋይ የለውም፣ የኔትወርክ ገመድ ይያዝ። ከመሰካቱ በፊት ባትሪ አብርታችሁ በፋኖቹ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ፦ በአሉሚኒየሞቹ መሐል የተለጠፈ ጭቃ የመሰለ አቧራ ካለ እርጥበት ያለበት ቦታ ነበር ማለት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ሦስቱ ቦርዶች የሚሄዱትን ወፋፍራም የመዳብ ሳህኖች እዩ፤ ብሎኑ ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀስተ ደመና ቀለም ያመጣ ካለ ብሎኑ ላልቶ ሲሞቅ ቆይቷል።

ከተሰካ በኋላ ፋኖቹ መጀመሪያ በሙሉ ኃይል ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይረጋጋሉ። ወደ ሙሉ ሃሽሬቱ (የሙከራ ፍጥነቱ) ለመድረስ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) ፈልጋችሁ በብራውዘር ግቡ፤ ፊት ለፊት ያለችው የአይፒ ሪፖርት ቁልፍ ለዚህ ትረዳለች፣ መነሻው ስምና የይለፍ ቃል ሁለቱም «ሩት» ነው። ከርነል ሎግ የሚለውን፣ የማሽኑን የሥራ መዝገብ ገጽ ክፈቱ። ሦስት ቦርድ አለ፤ እያንዳንዱ ላይ 126 ቺፕ መቆጠር አለበት። ቺፖቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ከአንዱ ተያይዘው ምልክት ስለሚቀባበሉ፣ ሎጉ 80 ብሎ ካቆመ ችግሩ ያለው 80ኛውና 81ኛው አካባቢ ነው፣ ጠጋኝ ሊያገኘው ይችላል። ዜሮ ካለ ግን ከቦርዱ መነሻ፣ ከገመዱ ወይም ከኃይል መስመሩ ነው፤ ገመዱን ከሌላው ቦርድ ጋር አቀያይሩ፣ ዜሮው ቦርዱን ተከትሎ ከሄደ ቦርዱ ሞቷል።

ቢያንስ አንድ ሰዓት አሠሩት። ስክሪኑ ላይ በየሰከንዱ የሚዘለውን ቁጥር ተዉት፤ አማካዩን እዩ። ከሁሉም የሚታመነው ደግሞ ፑሉ በራሱ በኩል የሚያሳየው የ24 ሰዓት አማካይ ነው፤ ማሽኑ 100 ብሎ ፑሉ 88 ካለ፣ ያለው 88 ነው። ተቀባይነት ያጣው ሥራ ከአንድ በመቶ በላይ ከሆነ ኢንተርኔቱን ወይም ቦርዱን ጠርጥሩ።

ገዝታችሁ ቤት ስታደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ መለወጥ ነው። የቀድሞው ባለቤት ወይም ሻጩ የጫነው ሶፍትዌር ከሃሽሬታችሁ ጥቂቱን ወደ ሌላ አድራሻ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ላይ አይታይም። ማሽኑ በበራ ከ2 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሪሴት ቁልፉን 5 ሰከንድ መጫን ወደ ፋብሪካው መነሻ ቅንብር ይመልሰዋል፤ ከዚያ ከአምራቹ ገጽ አዲሱን ማውረድ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኤስ19ጄ ፕሮ በተለያየ ዓይነት መቆጣጠሪያ ቦርድ ወጥቷል፤ ዚንክ፣ ቢግልቦን እና አምሎጂክ ከእነሱ መሐል ናቸው። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም። የይለፍ ቃሉንም ያኔውኑ ቀይሩ።

ፑል ሲሞላ ሦስት መስመር አለ፣ ለእያንዳንዱ አድራሻ፣ ስምና የይለፍ ቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያው ሲቋረጥ ተቀባይ ናቸው፤ ባዶ አትተዉአቸው። ስሙ የሚጻፈው የፑሉ መለያችሁ፣ ነጥብ፣ ከዚያ «ዎርከር» ነው። ልብ በሉ፣ ቆፋሪ ብለን የጠራነው ማሽን እዚህ ሲደርስ ሠራተኛ የሚባል ሌላ ስም ይሰጠዋል። ለሪፖርት እንዲመች የሳጥኑን ቁጥር ጻፉበት፤ አሥር ማሽን ሁሉም «ዎርከር1» ከተባለ የትኛው እንደቆመ አታውቁም።

ከዚያ በኋላ የሚበላሸው በቅደም ተከተል፦ ፋን፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ቦርድ። ፋን በማለቁ ሎጉ ላይ «ፋን ሎስት» ይላል፣ ማሽኑም ይቆማል፤ መቀየሩ አራት ብሎን ነው። አቧራ በደረቅ አየር ንፉ፤ ስትነፉ ግን የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፣ በአየሩ ኃይል ሲሽከረከር ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ቮልቴጅ ይልካል። በክረምት ማሽኑ ሰዓታት ቆሞ ከቀዘቀዘና ክፍሉ እርጥብ ከሆነ፣ አቧራው ውሃ ጠጥቶ በቺፕ እግሮች መሐል መብራት ያሻግራል። ክረምት ሲገባ ከማንኛውም ወር ይልቅ ንጽህና ይፈልጋል።

ሕጉን በአጭሩ፦ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳውቋል፤ ኢንሳ ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በክሪፕቶ አገልግሎትና በማይኒንግ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቅርቧል። ትላልቆቹ ድርጅቶች የሚሠሩት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር በቀጥታ በተዋዋሉት የከፍተኛ መስመር መብራት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ ተዘግቧል። ያ ነው መሬቱ። የቤት ቆጣሪ መሬት አይደለም፤ ይህ ማሽን በወር ወደ 2,200 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚበላ ቤቱን ከ500 በላይ ወዳለው የመጨረሻ እርከን ይወረውረዋል፣ የቤት ታሪፍ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሰጠ አይደለም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ፓወር ሰፕላዩ ከ200 እስከ 240 ቮልት ስለሚፈልግ በተራው 120 ሶኬት አይነሳም፤ እንደ ልብስ ማድረቂያው ያለ 240 መስመር ይሻል። በኪሎዋት ሰዓት 16 ሳንቲም የሚከፍል ቤት በቀን 11.70 ዶላር አውጥቶ ከላይ ባሰላነው ዋጋ 4.41 ይቀበላል። ባሕረ ሰላጤው ላይ በጋው ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል አይሆንም፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ራሱ ሌላ መብራት ነው።

ፍርዳችን፦ እንደ ዕቃ ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ጠጋኞችም ያውቁታል። ከ4 ሳንቲም በታች የሆነ ሕጋዊ መብራትና ቦታ ላለው ሰው በርካሽ ከተገኘ ይሠራል፤ ለሌላው አይሆንም። ለመማር ብቻ የሚፈልግ ሰው ለሳምንት አብርቶት የሚያጠፋው ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም።

ከተስማማችሁና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙን አንብቡ። «ማይነር፣ ብዛት 1» ብቻ ከተጻፈ አትቀበሉ፤ ምን እንደገዛችሁ አይናገርም። ሞዴሉ፣ ቴራሃሹ፣ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ዓይነት፣ የማሽኑ፣ የፓወር ሰፕላዩና የሦስቱ ቦርዶች መለያ ቁጥር በየመስመሩ ይጻፍ፤ ቁጥሮቹንም ተለጣፊው ላይ ካለው ጋር እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ።